ከግርግም እስከ ላቦራቶሪ፦ በሐረር ዳርቻ በአራት በሬዎች ላይ የተደረገ የመኖ መፈጨት ልኬት

ጥር 13

ቦታው ከሐኪም ጋራ በታች ያለ በረት ነው። አራት በሬዎች ለየብቻቸው ታስረዋል፤ በደረት ዙሪያ ልኬት ሲገመቱ ከ280 እስከ 310 ኪሎ ይሆናሉ። መኖው የአካባቢው አድላቢ የሚያውቀው ነው፦ የዘንድሮ የማሽላ አገዳ፣ ፉርሽካ፣ እና ከባቢሌ በኩል የሚመጣ የለውዝ ፋጉሎ። ለማወቅ የተፈለገው በሬው ከበላው ውስጥ ምን ያህሉ በሰውነቱ እንደቀረና ምን ያህሉ በእበት እንደወጣ ነው።

እርግጠኛው መንገድ የሚበላውን ሁሉ መዝኖ የሚወጣውን እበት ሁሉ መሰብሰብ ነው። ለአራት በሬ ቀንና ሌሊት ይህን ለማድረግ ግን የሰው ኃይል አይበቃም። ስለዚህ ማርከር እንጠቀማለን። ማርከር ሳይፈጭና ወደ ደም ሳይገባ ከመኖው ጋር ገብቶ ከእበቱ ጋር የሚወጣ ነገር ነው። መኖው በመንገድ ላይ ሲፈጭና ሲመጠጥ ማርከሩ ስለማይቀንስ፣ በእበቱ ውስጥ ያለው ድርሻ ይጨምራል። የጨመረበት መጠን የመፈጨቱን መጠን ይነግራል።

የመረጥናቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው በመኖው ውስጥ በተፈጥሮ ያለው በአሲድ የማይሟሟ አመድ ነው። በአብዛኛው ሲሊካ ሲሆን የማሽላ ቅጠል በዚህ ሀብታም ነው። ሁለተኛው ከውጭ የሚሰጥ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ክሮሚየም ኦክሳይድ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ቢሆንም የናሙናው ዝግጅት በተለምዶ ፐርክሎሪክ አሲድ ይጠይቃል። ይህ አሲድ ከደረቅ እበት ጋር ሲሞቅ ሊፈነዳ ስለሚችል ትተነዋል። ልኬቱ በሁለት ዙር ይካሄዳል፤ በመጀመሪያው በአመዱ፣ በሁለተኛው በቲታኒየሙ። ማርከሮቹን ለመፈተሽ ደግሞ የ3ኛው በሬ እበት በሁለቱም ዙር ሙሉ በሙሉ ይሰበሰባል።

ዕለታዊ መኖ ለአንድ በሬ፦ ፉርሽካ 1.5 ኪሎ፣ ፋጉሎ 0.75 ኪሎ፣ ጨው 30 ግራም። አገዳው በገጀራ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ተከትፎ፣ ከትናንቱ ፍጆታ 30 በመቶ ያህል አስበልጦ ይቀርባል። ቦለ (ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር) የለም። በሬው ይወደዋል፣ ይጠቅመውማል፤ ነገር ግን በአሲድ በማይሟሟ አፈር የተሞላ ስለሆነ አንድ እፍኝ ብቻ የልኬቱን መሠረት ያፈርሳል። የገበታ ጨው በቂ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል።

ጥር 16

ሁለት በሬዎች የጭቃውን ግድግዳ ሲልሱ ታዩ። የተላሰው አፈር በመዝገቡ ላይ ሳይኖር በእበቱ ውስጥ ይወጣል፤ የእበቱን አመድ ከፍ አድርጎ መኖው ከእውነቱ በላይ የተፈጨ ያስመስላል። ግድግዳው አፋቸው እስከሚደርስበት ድረስ በቆርቆሮ ተሸፈነ። የአገዳው መክተፊያም ከመሬት ተነሥቶ በላስቲክ ላይ ሆነ። ለናሙና የተወሰደው አገዳ አፈር ነክቶት በሬው የበላው ግን ንጹሕ ከሆነ ስሕተቱ ይገለበጣል፦ መኖው ከእውነቱ በታች የተፈጨ ይመስላል።

ውሃ በጠዋትና በማታ። አራቱ በቀን ከመቶ ሊትር በላይ ስለሚጠጡ አንድ በርሜል ሁለት ቀን አያደርስም። የቧንቧ ውሃ ባልመጣበት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከጠጡ በማግስቱ የአገዳ ፍጆታቸው ይወርዳል። ፍጆታው የዋዠቀበት ሳምንት ለልኬት አይሆንም። ስለዚህ ሁለተኛ በርሜል ተጨምሮ ሁልጊዜ ሞልቶ እንዲያድር ተወሰነ።

ጥር 24

በ2ኛው በሬ ግርግም ውስጥ የጫት ገራባ ተገኘ። በሐረር ገራባ ለከብት መስጠት የተለመደ ደግነት ነው፤ ማንም ሰው ለታሰረ በሬ ሲያልፍ ይጥልለታል። እዚህ ግን ያልተመዘነና ያልተመረመረ መኖ ነው። የተበላው ገራባ በሆዱ ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ፣ ልኬቱ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ይህን ማረም አይቻልም። የ2ኛው በሬ የመጀመሪያ ዙር ናሙና ይወሰዳል፣ ከአማካዩ ግን ይወጣል። በሩ ላይ ሰው እንዲቀመጥ፣ ለጎረቤት ልጆችም እንዲነገር ተደረገ።

ጥር 25

የመኖ ናሙና መውሰድ ዛሬ ተጀመረ፤ እስከ 28 ይቀጥላል። እበት የምንሰበስበው ከ27 ጀምሮ ቢሆንም፣ ዛሬ የሚወጣው እበት በአብዛኛው ከትናንት ወዲያ ገደማ የተበላው ነው። መኖና እበትን በአንድ ቀን መውሰድ የተለያዩ ቀኖችን እንደማወዳደር ነው።

ናሙናው ከአገዳው ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች በእጅ እየታፈሰ በቀን 300 ግራም ይወሰዳል። የሚቀረውም ትራፊ ለእያንዳንዱ በሬ ተለይቶ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይመዘናል፣ ናሙናውም ለብቻ ይያዛል። በሬ አገዳን እንዳለ አይበላም፤ ቅጠሉን ይለቅምና ወፍራሙን ግንድ ይተዋል። ሲሊካው ደግሞ በቅጠልና በቅጠል ሽፋኑ ላይ ይበዛል። በመሆኑም በግርግም ውስጥ የቀረበው አገዳና በሬው በእርግጥ የበላው አገዳ ሁለት የተለያዩ መኖዎች ናቸው። ይህን የዘለለ ሰው ምን ያህል እንደሚሳሳት ከታች በቁጥር ይታያል።

ጥር 26

የ3ኛው በሬ ሙሉ ስብሰባ ጀመረ፤ እስከ 30 አምስት ቀን ይቆያል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ኋላው ላስቲክ ተነጥፏል። ወንድ መሆኑ ሥራውን ያቀልላል፦ ሽንቱ ከሆዱ ሥር ወደ ፊት ይወርዳል፣ እበቱ ከኋላ። ወለሉ ወደ ፊት ጥቂት እንዲያዘቀዝቅ ስለተደረገ አይቀላቀሉም። አካፋና ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ ሦስት ተረኞች በስምንት ስምንት ሰዓት። የቀኑ እበት ተመዝኖ በደንብ ይቀላቀልና 5 በመቶው ይያዛል። ክዳን የሌለው ባልዲ ውሃ ያተናል፤ ክብደቱም ይዋሻል።

ጥር 27፣ 28፣ 29

ከአራቱም በሬዎች በየ9 ሰዓቱ ከፊንጢጣ እበት ይወሰዳል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ስምንት ጊዜ። በየ9 ሰዓቱ የሆነበት ምክንያት አለው። ከ27 ንጋት 12 ሰዓት ቢጀመር ቀጣዮቹ ቀን 9፣ ሌሊት 6፣ ጠዋት 3፣ ምሽት 12፣ ሌሊት 9፣ ቀን 6 እና ማታ 3 ይሆናሉ። ተደርድረው ሲታዩ የሙሉ ቀንና ሌሊቱን እያንዳንዱን 3 ሰዓት ይሸፍናሉ። በተለይ ከውጭ የሚሰጥ ማርከር በእበት ውስጥ ያለው መጠን በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሁልጊዜ ጠዋት ብቻ የወሰደ ሰው ሁልጊዜ ጫፉን ወይም ሁልጊዜ ጎድጓዳውን ይወስዳል።

በጠርሙሱ ላይ ሰዓት አይጻፍም። "ሌሊት 9" የጥር 28 ነው ወይስ የ29? በእኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው ንጋት ላይ ነው፤ በላቦራቶሪው ኮምፒውተር ግን እኩለ ሌሊት ላይ። ይህ ሁለት ናሙና ለማቀያየር በቂ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ናሙና ጀምሮ ያለፈው ሰዓት ብቻ ይጻፋል፦ 0፣ 9፣ 18፣ 27፣ 36፣ 45፣ 54፣ 63። ከጎኑ የበሬው ቁጥር። ሌላ ምንም።

አወሳሰዱ፦ እስከ ክንድ የሚደርስ ጓንት፣ በውሃ ብቻ የረጠበ። ሳሙናም ቅባትም አይገባም። በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 250 ግራም። ከመሬት የተነሣ እበት አይያዝም፤ ከወለል የሚነካው አሸዋ ለአመድ ልኬቱ መርዝ ነው። በሌሊት ጅብ በከተማው ዙሪያ ሲጮኽ በሬዎቹ ይነሣሉ፤ የተኛ በሬ ደግሞ ሲነሣ እበቱን ይጥላል፣ ከዚያ በኋላ ፊንጢጣው ባዶ ነው። በመብራት ተንጋግቶ መግባት ውጤቱ ያው ነው። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ገብቶ፣ ንጹሕ ሳፋ ከኋላ ይዞ፣ በሬውን አንድ በአንድ ማስነሣት ይሻላል፤ የሚወድቀው በአየር ላይ ይቀለባል።

ከእያንዳንዱ ናሙና ግማሹ በሰፊ ሳህን ላይ በስሱ ተዘርግቶ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 72 ሰዓት ይደርቃል። ግማሹ ለናይትሮጅን ምርመራ ወደ በረዶ ቤት ይገባል፤ ሲደርቅ አሞኒያው ይተናልና።

የካቲት 1

ቲታኒየሙ ዛሬ ጀመረ። ሁለቱን ዙሮች ለምን እንደለየናቸው መጻፍ ያስፈልጋል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አይሟሟም። በአንድ ላይ ቢሰጥ በእበቱ ውስጥ ያለው ቲታኒየም "በአሲድ የማይሟሟ አመድ" ሆኖ ይቆጠራል። መቀነስ ይቻላል የሚል ይኖራል፤ ዱቄቱ ግን እጅግ የደቀቀ በመሆኑ ከፊሉ በማጣሪያ ወረቀቱ ያልፋል፣ ከፊሉ ይቀራል፣ ስንት እንደቀረ አይታወቅም። የመጀመሪያው ዙር እበት ከቲታኒየም ነጻ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፦ ለላቦራቶሪው መነሻ ዜሮ ይሆናል።

መጠኑ ለአንድ በሬ በቀን 10 ግራም፤ 5 ግራም ንጋት 12፣ 5 ግራም ምሽት 12። አራት በሬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር ቀን፦ 80 ጥቅል፣ 400 ግራም። ሁሉም በአንድ ቀን በ0.01 ግራም ሚዛን ተመዝኖ በወረቀት ተጠቅልሏል። በየጊዜው ጎህ ሲቀድ መመዘን ስሕተት ይጋብዛል።

አሰጣጡ፦ ከዕለቱ ድርሻ 200 ግራም ፉርሽካ ወጥቶ ጨው በሟሟበት ጥቂት ውሃ ይርሳል፤ ቲታኒየሙ ተነስንሶ ይለወሳል፤ አገዳ ከመቅረቡ በፊት በተራበ አፉ ይሰጠዋል። በደረቅ ፉርሽካ ላይ የተነሰነሰ ዱቄት በበሬው እስትንፋስ ይበናል፣ የቀረው ሳፋው ላይ ነጭ ሆኖ ይጣበቃል። ሳፋው በመጨረሻ እፍኝ እርጥብ ፉርሽካ ተጠርጎ ያም ይበላል። 4ኛው በሬ በመጀመሪያው ቀን ግማሹን ስለተወ ከ3 ሰዓት በኋላ በእጅ ተጎርሷል፤ ከዚያ ለመደ።

ለሰባት ቀን ያለ ናሙና ይሰጣል። በሆድ ውስጥ የሚገባውና የሚወጣው ማርከር እስኪተካከል ያስፈልጋል። በአገዳ የሚኖር ከብት ሆዱን ቀስ ብሎ ስለሚያጸዳ ሦስት ቀን አይበቃም።

የካቲት 8፣ 9፣ 10

ሁለተኛው ዙር፣ በዚያው የ9 ሰዓት አካሄድ። ናሙናና የቲታኒየም መስጫ ሰዓት ሲገጥሙ መጀመሪያ ናሙና፣ ከዚያ ማርከር። የ3ኛው በሬ ሙሉ ስብሰባ ከየካቲት 6 እስከ 10። የመጨረሻው ጥቅል የካቲት 10 ምሽት 12 ላይ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ 12፣ 24፣ 36፣ 48፣ 72 እና 96 ሰዓት ላይ ተጨማሪ እበት ተወስዷል፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

የካቲት 16

መፍጨት። ሁሉም ናሙና ባለ 1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ባለው የብረት ወፍጮ አለፈ። በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት ፈጽሞ አይሆንም፤ ከድንጋዩ የሚረግፈው ደቃቅ ራሱ በአሲድ የማይሟሟ ነው። በናሙናዎች መካከል ወፍጮው በብሩሽ ይጸዳል፣ የቀጣዩ ናሙና የመጀመሪያ ማንኪያ ይጣላል። ከዚያ የእያንዳንዱ በሬ ስምንት ናሙና በደረቅ ክብደት እኩል፣ አሥር አሥር ግራም፣ ተቀላቅሎ አንድ ሆነ።

የካቲት 18

በአሲድ የማይሟሟ አመድ። ከእበት 5 ግራም፣ ከመኖ 10 ግራም፣ ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ። በ450 ዲግሪ አዳር ይቃጠላል። አመዱ በ100 ሚሊ ሊትር 2 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለ5 ደቂቃ ይፈላል። አሲዱ የተዘጋጀው 167 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ አሲድ ቀስ በቀስ ወደ ውሃ ጨምሮ አንድ ሊትር በማድረስ ነው፤ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። እንደሞቀ አመድ በማይተው ዋትማን 41 ወረቀት ይጣራል፣ አሲዱ እስኪለቅ በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ ወረቀቱ እንዳለ እንደገና በ450 ዲግሪ አዳር ይቃጠላል፣ ቀዝቅዞ ይመዘናል።

ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት አመዱ ነጭ ወይም ግራጫ መሆን ሲገባው ጥቁር ነጠብጣብ ነበረው። ያልተቃጠለ ካርቦን በአሲድ ስለማይሟሟ እንደ ማርከር ይመዘናል። ሁሉም ተመልሶ ገብቶ ተቃጠለ፤ በዓይን ጥቁር እስካለ ድረስ ወደ አሲድ አይሄድም። ፉርሽካው የሚተወው ከ10 ግራም 20 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ በ0.1 ሚሊ ግራም ሚዛን እንኳ ጣት የነካው ሸክላ (ናሙናው የሚቃጠልበት ጽዋ) ውጤቱን ያዛባዋል፤ በመቆንጠጫ ብቻ ይያዛል።

የ3ኛው በሬ ስሌት፣ በቀን፣ ሁሉም በደረቅ ክብደት፦

የቀረበ አገዳ 5.20 ኪሎ፣ በአሲድ የማይሟሟ አመዱ 4.0 በመቶ፤ 208 ግራም ማርከር። ትራፊ 1.20 ኪሎ፣ አመዱ 2.2 በመቶ፤ 26.4 ግራም። ስለዚህ በሬው የበላው 4.00 ኪሎ አገዳና 181.6 ግራም ማርከር ነው፤ ማለትም 4.54 በመቶ። ፉርሽካው 1.34 ኪሎ ሲሆን 2.7 ግራም፣ ፋጉሎው 0.69 ኪሎ ሲሆን 5.5 ግራም ጨመሩ። ድምር 6.03 ኪሎ መኖ፣ 189.8 ግራም ማርከር፣ 3.15 በመቶ።

በእበቱ ውስጥ 7.5 በመቶ ተገኘ። 3.15 ለ7.5 ሲካፈል 0.42፤ ያልተፈጨው 42 በመቶ፣ የተፈጨው 58 በመቶ። በሙሉ ስብሰባ የተመዘነው እበት 2.60 ኪሎ ስለነበር እውነተኛው 56.9 በመቶ ነው። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ያህል፤ የማርከሩ መገኘት (በእበት የወጣው ማርከር በመኖ ለገባው ሲካፈል) 103 በመቶ ሆኗል። ሦስቱ በመቶ ቆርቆሮው ያልሸፈነው አፈር ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ትራፊውን ሳንመረምር፣ የተበላውም እንደቀረበው 4.0 በመቶ ነው ብለን ብናሰላስ? ማርከሩ 168.2 ግራም ብቻ ይሆናል፣ በመኖው ውስጥ 2.79 በመቶ፣ መፈጨቱም 62.8 በመቶ ይወጣል። አምስት ነጥብ ያህል የውሸት ጭማሪ! አምስት ነጥብ ማለት ጥሬ አገዳንና በዩሪያ የታከመ አገዳን ሊያቀያይር የሚችል ልዩነት ነው። ትራፊውን መመርመር የሚጠይቀው ለእያንዳንዱ በሬ ሁለት ተጨማሪ ሸክላ ብቻ ነው።

ለፕሮቲን ስሌቱ ያው ነው፤ የማርከሩ ንጽጽር በፕሮቲኑ ንጽጽር ይባዛል። በበላው ውስጥ 11.9 በመቶ፣ በእበቱ 10.5 በመቶ ስለነበር፣ 0.42 ሲባዛ በ10.5 ሲካፈል በ11.9 ወደ 0.37 ይመጣል፤ 63 በመቶው ተፈጭቷል። ከእበቱ ናይትሮጅን ከፊሉ ከበሬው ከራሱ አካልና ከሆዱ ተሕዋስያን የመጣ ስለሆነ ይህ የሚታየው መፈጨት እንጂ እውነተኛው አይደለም።

የካቲት 22

ቲታኒየም። ግማሽ ግራም ናሙና በናይትሮጅን ማብሰያ ቱቦ፣ 3.5 ግራም ፖታሲየም ሰልፌት፣ 0.4 ግራም ኮፐር ሰልፌት፣ 13 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ፤ በ420 ዲግሪ 2 ሰዓት። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር ባለ 30 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ጠብ እያለ ይጨመራል። ባልቀዘቀዘ አሲድ ላይ ከፈሰሰ ይረጫል፤ የፊት መከለያና የአየር መሳቢያ ግዴታ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ይወጣል። በተጣራ ውሃ 100 ግራም ይሞላል፣ ይጣራል፣ በስፔክትሮፎቶሜትር በ410 ናኖ ሜትር ይነበባል።

ሁለት ነገር አስቸገረ። መጀመሪያ፣ የቀለሙ ንባብ በሁሉም ላይ ደካማ ነበር። ፐርኦክሳይዱ በድሬዳዋ ሙቀት በመኪና ውስጥ ውሎ የመጣ ነው፤ ሲሞቅ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለወጣል። በአዲስ ጠርሙስ ተተካና ተስተካከለ። ሁለተኛ፣ የተለመደው መለኪያ መስመር 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 ሚሊ ግራም ነው። የእኛ ናሙና ግን በግማሽ ግራም ውስጥ ከ2 ሚሊ ግራም በታች ስለሆነ ንባቡ ከዜሮ ቀጥሎ ባለው ባዶ ስፍራ ላይ ይወድቃል። 0.5፣ 1 እና 1.5 ተጨመሩ። መለኪያዎቹም በባዶ ቱቦ ሳይሆን ከመጀመሪያው ዙር ግማሽ ግራም እበት ገብቶባቸው በስለዋል፤ የእበቱና የመዳቡ ቀለም ከሁሉም ላይ እኩል እንዲቀነስ።

የ3ኛው በሬ፦ በኪሎ ደረቅ እበት 3.73 ግራም። አሥሩ ግራም በ3.73 ሲካፈል 2.68 ኪሎ እበት በቀን። የተመዘነው 2.58 ነበር። የማርከሩ መገኘት 96 በመቶ። የበላው 5.95 ኪሎ ስለነበር በቲታኒየም 55.0፣ በሙሉ ስብሰባ 56.6 በመቶ። የጠፋው 4 በመቶ ከሳፋው የበነነና የተጣበቀ ይመስለናል። ለሦስቱ ሌሎች በሬዎች የእበት መጠን በ0.96 ተባዝቶ ይታረማል፤ ከአንድ በሬ የተወሰደ ማረሚያ መሆኑ ግን ከውጤቱ ጎን ይጻፋል።

የካቲት 25

ከመጨረሻው ጥቅል በኋላ የተወሰዱት ናሙናዎች። በ24ኛው ሰዓት 3.1 ግራም በኪሎ፣ በ72ኛው 0.75። የሁለቱ ሬሾ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም 1.42፣ በ48 ሰዓት ሲካፈል 0.03፤ ማርከሩ በሰዓት 3 በመቶ ያህል ከሆድ ይወጣል፣ አማካይ ቆይታው 34 ሰዓት ገደማ። ይህ ቁጥር በሬዎቹን እርስ በርስ ለማወዳደር ብቻ ያገለግላል። ቲታኒየሙ የላላ ዱቄት ነው፤ ከፊሉ ከፈሳሹ፣ ከፊሉ ከጭረቱ (በሆድ ውስጥ ካለው ጠጣር የመኖ ቅንጣት) ጋር ይሄዳል እንጂ በአገዳው ላይ አይጣበቅም።

ወደ ትንሹ አንጀት በቀን ስንት ፕሮቲን እንደሚፈስ ለማወቅ እበት አይበቃም፤ ከኦማሱም (ሽንፍላ) ወይም ከአንጀቱ መጀመሪያ በቀዶ ጥገና በተተከለ ቱቦ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። እዚያም አንድ ማርከር አይሆንም። በቱቦው የሚወጣው የፈሳሹና የጭረቱ ድርሻ በእርግጥ ከሚፈሰው ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ለፈሳሹ ኮባልት፣ ለደቃቁ ኢተርቢየም፣ ለሻካራው ጭረት ደግሞ የማይፈጨው የአገዳው ክር ተለክተው ትክክለኛው ቅልቅል በስሌት ይመለሳል። ቱቦ የተተከለለት በሬ እዚህ ስለሌለ ልኬቱ በእበቱ ላይ ይቆማል።

ከእያንዳንዱ በሬ ከሁለቱም ዙር 40 ግራም የተፈጨ እበት፣ ከአገዳው፣ ከትራፊው፣ ከፉርሽካውና ከፋጉሎው 100 ግራም፣ አየር በማያስገባ ጠርሙስ ተዘግቶ ተቀምጧል። የ2ኛው በሬ የመጀመሪያ ዙር ጠርሙስ ላይ "ገራባ" ተብሎ ተጽፎበታል።